ቢሉ ላይ ስንት ነፍስ አለ?

(በማኅበራችን ዓመታዊ የወላጆችና የወጣቶች ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ውሃ ቁጠባ እንድናገር ሲነገረኝ መጀመሪያ የመጣልኝ ጥያቄ “ለማን ነው የምናገረው?” የሚል ነበር። እዚህ ፊት ለፊቴ የተቀመጡት እናቶች በልጅነታቸው እንስራ አዝለው ወንዝ የወረዱ ናቸው። ጎንደር ገጠር ላደገች ልጅ ውሃ የሚለካው በጀርባዋ ላይ ባለው ክብደት ነበር። እኔ ኢየሩሳሌም ውስጥ ቧንቧ እየከፈትኩ ያደግኩት ልጅ ለእነሱ ስለ ቁጠባ ባስተምር ለቀባሪው አረዱት ነው የሚሆነው።

ስለዚህ ዛሬ “ውሃ አታባክኑ” አልልም። የማነሳው ሌላ ነገር ነው። በአንድ ጣሳ ውሃ ፊቷንም እጇንም የምትታጠብ አያት ባለችበት ቤት፣ የውሃው ሔሽቦን ሲመጣ ለምን ሰው ይደነግጣል? ከዚያም ጠብ ይነሳል። አባት ልጁን “አንተ ነህ ሻወር ቤት የምታድረው” ይለዋል፤ ልጁ ደግሞ “እማዬ ናት በየቀኑ ስፖንጃ የምታደርገው” ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ጥፋተኛ አይደሉም። ገንዘቡ የሚሄደው ማንም በማያየው ቦታ ነው። ከነዚህ ቦታዎች የመጀመሪያው ቧንቧ ሳይሆን ወረቀት ነው።

እዚህ ከተማ የውሃው ኩባንያ ስሙ ሃጊሆን ነው። ስሙ ከዳዊት ከተማ በታች ካለችው ከግዮን ምንጭ የመጣ ነው። አዎ፣ ያው እኛ ዓባይን የምንጠራበት ግዮን! እኛ ግዮን ስንል ጎጃም፣ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ትዝ ይለናል፤ እዚህ ደግሞ በየሁለት ወሩ ከሚመጣ ፖስታ ላይ ተጽፎ እናገኘዋለን። ፖስታው የሚያስፈራው በዕብራይስጥ ስለተጻፈ ብቻ አይደለም። ዕብራይስጥ አቀላጥፈን የምንናገር ልጆችም እኮ መጨረሻ ላይ ያለውን ድምር አይተን ነው የምናጥፈው።

እስቲ አንድ ላይ እናንብበው። በእስራኤል የቤት ውሃ ሁለት ዋጋ አለው። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 3.5 ሜትር ኪዩብ፣ ማለት 3,500 ሊትር፣ በዝቅተኛው ዋጋ ይታሰባል። ከዚያ ያለፈው በከፍተኛው ዋጋ ነው፤ እሱም የዝቅተኛውን እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ቢሉ የሁለት ወር ስለሆነ ለአንድ ሰው 7 ሜትር ኪዩብ ይደርሰዋል። ታዲያ በቤቱ ስንት ሰው አለ? ወረቀቱ ላይ “ሚስፓር ኔፋሾት” የሚል መስመር ፈልጉ። ኔፋሾት ያው የኛው ነፍስ ነው፤ የነፍሳት ቁጥር ማለት ነው። ለኩባንያው ያስታወቀ ሰው ከሌለ የሚመዘገበው ሁለት ነው። ስምንት ሰው ቢኖርም ሁለት!

በሒሳብ እንየው። ስድስት ሰው ያለበት ቤት በሁለት ወር 36 ሜትር ኪዩብ ተጠቀመ እንበል። ስድስቱም ከተመዘገቡ በዝቅተኛው ዋጋ የሚታሰብላቸው 42 ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ውሃ በርካሹ ዋጋ አለቀ። ሁለት ብቻ ከተመዘገቡ ግን በዝቅተኛው የሚታሰበው 14 ነው፤ የቀረው 22 በውዱ ዋጋ ይሆናል። ዋጋው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ትክክለኛውን ከራሳችሁ ቢል ላይ እዩት፤ ለምሳሌ ያህል ልዩነቱን በሜትር ኪዩብ 6 ሰቅል ብናደርገው፣ በአንድ ቢል 132 ሰቅል፣ በዓመት 792 ሰቅል ነው። ያንን ለመቆጠብ አንዲት እናት ስንት ጣሳ ውሃ መቀነስ አለባት? መልሱ የለም፤ ምክንያቱም ችግሩ ጣሳው ላይ አይደለም።

በሰፈራችን ለጎረቤቶች ደብዳቤ ሳነብ ያየሁት አንድ ቤት አለ። ሰባት ሰው፣ ኪራይ ቤት። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ከእነሱ በፊት የነበረው ተከራይ ስም ነው፤ ነፍሱም ሁለት። ለዓመታት እንደዚያው ከፍለዋል። እናትየው የሽንብራ ዕቃ ያጠቡበትን ውሃ እንኳ አይደፉም ነበር። ቅጹን ሞልተን ለመላክ የፈጀብን ከቡና ሁለተኛ ስኒ እስከ ሦስተኛው ነው። የሚያስፈልገው የእያንዳንዱ ሰው የቴውዳት ዜሁት ቁጥርና ልጆች የተጻፉበት ሰፋሕ ነው፤ ክፍያ የለውም። አንድ ሰው በሁለት ቤት አይቆጠርም። ልጅ ሲወለድ፣ አያት ከሌላ ከተማ መጥታ አብራችሁ መኖር ስትጀምር፣ ቤት ስትቀይሩ እንደገና ማስታወቅ ነው። ለአንዳንድ አካል ጉዳተኞችና ከእርጅና አበል ጋር የገቢ ማሟያ ለሚያገኙ አዛውንቶችም ተጨማሪ ውሃ በዝቅተኛው ዋጋ የማግኘት መብት አለ። መብቱ ከቢቱዋህ ለኡሚ ጋር የተያያዘ ነውና ቢሉ ላይ መኖሩን አረጋግጡ።

መቁጠር ለዚህች ከተማ አዲስ ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ ጎዳና ስታልፉ፣ በአፄ ዮሐንስ ተጀምራ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ያለቀችውን ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን የሚከብቡትን የድንጋይ ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ። ያኔ ከተማው የቧንቧ ውሃ አልነበረውም። የኢየሩሳሌም ሰው የክረምቱን ዝናብ ከጣሪያ እያወረደ ግቢ ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ያጠራቅም ነበር፤ ዕብራይስጡ “ቦር” ይለዋል። ከራስ አል-ዐይን ምንጭ ውሃ በትልቅ ቧንቧ የመጣው በ1930ዎቹ ነው፤ ያን ጊዜ ብዙ ሰው ጉድጓዱን ረሳው። በ1948 ጦርነት ያ ቧንቧ ተቋረጠ። ከተማው በውሃ ጥም ያላለቀው፣ ኃላፊዎቹ ከመቋረጡ በፊት በየግቢው ያሉትን የድሮ ጉድጓዶች አስቆጥረው፣ አስመዝግበውና ሞልተው ስላሸጉ ነው። ከዚያ ውሃው በጋሪ እየዞረ በልክ ይታደል ነበር። ሰዉ በአንዱ ውሃ መጀመሪያ ይታጠባል፣ በዚያው ልብስ ያጥባል፣ ወለል ይወለውላል፣ መጨረሻ ሽንት ቤት ይደፋዋል። እናቶቻችን ይህን ቢሰሙ “ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለው?” ነው የሚሉት።

ሁለተኛው የማይታይ ቦታ ኒያጋራ ነው። በዚህ አገር የሽንት ቤቱን የውሃ ማጠራቀሚያ በዓለም በታወቀው ፏፏቴ ስም ነው የሚጠሩት፤ ስሙን ማን እንዳወጣለት አላውቅም እንጂ ሲያፈስስ ስሙ ይገባዋል። ውስጡ ያለው ጎማ ሲያረጅ ውሃው ያለ ድምፅ ቀንና ሌሊት ይወርዳል። በደቂቃ አንድ ብርጭቆ፣ 200 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢያፈስስ፣ በቀን 288 ሊትር፣ በሁለት ወር ከ17 ሜትር ኪዩብ በላይ ነው። ሁለት ሰው በዝቅተኛው ዋጋ ከሚደርሰው ይበልጣል ማለት ነው! ለማወቅ ቀላል ነው፤ ማጠራቀሚያው ውስጥ የምግብ ቀለም ወይም ትንሽ ጥቁር ቡና ጨምሩ፤ ውሃ ሳትለቁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ቀለሙ ታች ከታየ ጎማው ይቀየር። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ደግሞ የቆጣሪውን ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ሌሊት ውሃ ሳትነኩ ጠዋት ተመልከቱ። ቁጥሩ ከሄደ የሆነ ቦታ ይፈስሳል። ቧንቧ ሠራተኛ ከመጣ ደረሰኙን አትጣሉ፤ በድብቅ ፍሳሽ ምክንያት ለናረ ቢል ቅናሽ ለመጠየቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የጋራው ውሃ ነው፣ “ጽሪኻ ሜሹቴፌት”። የሕንፃው ዋና ቆጣሪ ያነበበው ከቤቶቹ ቆጣሪ ድምር ከበለጠ፣ ልዩነቱ ለነዋሪው ይከፋፈላል። የግቢው አትክልት፣ የደረጃው እጥበት፣ መሬት ውስጥ የተሰነጠቀ ቧንቧ፣ ሁሉም እዚያ ይገባል። ይህ መስመር በድንገት ካደገ ቫአዱን መጠየቅ ነውር አይደለም። ወላጆቻችን የሕንፃው ስብሰባ ላይ ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ እኛ ልጆች አብረናቸው ብንገባ ጥሩ ነው።

ስለ ቤት ውስጥ ብዙ አልናገርም። ቧንቧው ጫፍ ላይ የሚገጠመው ሐስኻም ርካሽ ነው። ከዱድ ሼሜሽ ሙቁ ውሃ እስኪደርስ የሚወርደውን ቀዝቃዛ በባልዲ ያዙት፤ ለስፖንጃ ይበቃል። ወጣቶች ሆይ፣ ሻወሩ ላይ ስልክ ይዛችሁ አትግቡ፤ ይህን እንኳ አባቶች ልክ ናቸው።

አትክልቱ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። ከበረንዳና ከግቢ ጤና አዳሙን፣ በሶብላውን፣ ጎመኑን፣ ጌሾውን ያላጣ ቤት ስንት አለ? ችግሩ እዚህ ወቅቱ ተገልብጧል። አገር ቤት ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ኢየሩሳሌም በነዚያው ወራት ጠብ አይልባትም። እዚህ የሚዘንበው በብርዱ ጊዜ ነው። በሰኔ ጎመን የሚተክል ሰው እንግዲህ እያንዳንዷን ቅጠል በሜትር ኪዩብ እየገዛ ነው። ጎመንና ቆስጣ ከጥቅምት በኋላ ቢተከሉ አብዛኛውን ሰማይ ያጠጣላችኋል። ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ድርቅ ይችላሉ፤ ብዙ ውሃ እንዲያውም ሥራቸውን ያበሰብሰዋል። በሶብላ ግን በበጋ ውሃ ይፈልጋል፤ እሱን በር አጠገብ አስቀምጡትና ምስርና ጎመን ያጠባችሁበትን ውሃ ስጡት። ሳሙና ያለበትን ውሃ የሚበላ ነገር ላይ አታፍስሱ።

ግቢ ያላችሁ ጎማ ይዞ ከመርጨት የጠብታ መስኖ ይሻላችኋል። ይህ ዘዴ እዚሁ አገር፣ ኔጌቭ ውስጥ ባለው በኪቡጽ ሐጼሪም በ1965 በተቋቋመው ኔታፊም አማካይነት ነው ለዓለም የተሸጠው። ውሃው ቀስ ብሎ ሥሩ ላይ ይወርዳል፤ ቅጠልና ድንጋይ አያርስም። ለትንሽ ግቢ የሚሆን ቱቦና ጠብታ ማንኛውም የግንባታ ዕቃ መደብር አለ። ከፀሐይ መውጣት በፊት ወይም ማታ አጠጡ፤ አፈሩን በደረቅ ቅጠል ወይም በገለባ ሸፍኑት። ጌሾ ዛፍ ስለሆነ በየቀኑ ትንሽ ከመስጠት አልፎ አልፎ ጠልቆ እንዲጠጣ ማድረግ ይሻላል። ደግሞ የግቢው ቧንቧ በጋራው ቆጣሪ ላይ ከሆነ ለጎረቤት ንገሩ፤ የናንተን ጎመን እነሱ ሳያውቁ እየከፈሉላችሁ እንዳይሆን። ሲደርስ አንድ እስር ብትሰጧቸው ደግሞ ነገሩ ያልቃል።

አሁን ወደ ሻዩ ከመሄዳችን በፊት፣ ቢላችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ በበሩ በኩል ወዳለው ጠረጴዛ ኑ። አራት የማኅበሩ ልጆች ቅጹን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ዕብራይስጡን ያነቡላችኋል፣ አብረው ይሞላሉ። ቢሉን ቤት የረሳችሁ ስልካችሁ ላይ ካለ እሱም ይሆናል። የቴውዳት ዜሁት ቁጥራችሁን ለልጆቹ ጮክ ብላችሁ አትንገሯቸው፤ ራሳችሁ ጻፉት፣ ወይም ልጃችሁ ይጻፍላችሁ። መጀመሪያ ግን ያቺን አንዷን መስመር አሳዩን፦ ስንት ነፍስ ይላል?