ሳያነቡ ስለ መፈረም
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



ከሰበታ፥ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ በማለዳ ተነሥቶ አዲስ አበባ ቢሮው የሚገባ ጸሐፊ የፊርማን ክብደት ያውቃል። ሳያነብ የፈረመበት ደብዳቤ አንድ ቀን ተመልሶ ይጠይቀዋልና። የዛሬው ንግግሬም ስለዚሁ ነው፤ ነገር ግን ስለ ወረቀት ሳይሆን ስለ ኮምፒዩተር ሶፍትዌር ነው።

እነዚህ ሦስት ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። እንደ ሌላው አገር ሁሉ የእነርሱም የጤና ሪፖርት ወደ ጤና ሚኒስቴር የሚደርሰው ዲኤችአይኤስ 2 በተባለ ሶፍትዌር ነው። ይህም በኖርዌይ አገር በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት የሚሠራ፥ ምንጩ ለሁሉ ክፍት የሆነ ሥራ ነው። ክፍት ነው ማለት ማንም ሊያነበው፥ ስሕተት ያገኘም እርማት ጽፎ ሊልክ ይችላል ማለት ነው። እንዲህ ባለው ሥራ የተላከውን እርማት ሌላ ሰው ይመረምረዋል፤ በብዙዎቹም ዘንድ መርማሪው ደመወዝ የማይቈረጥለት በጎ ፈቃደኛ ነው።

ምርመራው ሲላላ የሚደርሰውን ዓለም አይቶታል። የኢንተርኔትን ምስጢር በሚጠብቀው ኦፕን ኤስኤስኤል ውስጥ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 የመጨረሻ ሌሊት አንድ አዲስ ክፍል ገባ። ክፍሉ ጠያቂው የሚነግረውን የቃል ርዝመት ሳያረጋግጥ ያምን ነበር፤ ስለዚህ ተንኰለኛ ሰው ከኮምፒዩተሩ ማኅደር ምስጢር ሊቀዳ ይችል ነበር። ጸሐፊው አላስተዋለውም፤ መርማሪውም አላስተዋለውም። የተገለጸው በ2014 ሚያዝያ ወር ነው። እኔ በበኩሌ በሰዎቹ አልፈርድም፤ ሥራው ብዙ፥ ሠራተኛው ጥቂት ነበርና።

እንግዲህ የበጎ ፈቃደኛው ምርመራ እንዴት ይጠቅማል? «መልካም ነው» የሚል አንድ ቃል ለኃላፊው ምንም አይነግረውም። ፊደል መልቀምም ብቻውን ከዚያ እምብዛም አይሻልም። ሊኑክስን የሚሠሩት ሰዎች በደንባቸው፥ ስሙን በመርማሪነት የሚያኖር ሰው በእርግጥ መመርመሩን፥ ያገኘውንም እንከን ለላኪው መንገሩን ማረጋገጡ እንደሆነ ጽፈዋል። በፖስትግሬስኪውኤል ዘንድ ደግሞ እርማት የላከ ሰው በምላሹ የባልንጀራውን እርማት እንዲመረምር ይጠበቅበታል። ይህ ከደቦ ልማዳችን የራቀ አይደለም። ላኪውም ዐሥር ጉዳይ በአንድ ላይ ጠቅልሎ ባይልክ መርማሪውን ይረዳዋል።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ስለ ዘመን አቈጣጠራችን አንድ እርማት ቢቀርብ፥ ባዕዱ መርማሪ በ12 ወር ለምዷልና በጳጉሜን የተወለደ ሕፃን ከመዝገብ ቢወጣ አያስተውልም። የቡራዩ ጸሐፊ ግን ወዲያው ያየዋል፤ ለዚህም የኮምፒዩተር ሊቅ መሆን አያሻውም። ዘመነ ሉቃስ በጳጉሜን 6 እንደሚፈጸም፥ ዘመነ ዮሐንስ ግን በ5 እንደሚያበቃ ያውቃልና። እንግዲህ ሞክሮ እንዲህ ብሎ ይጻፍ፦ «ጳጉሜን 6 ቀን 2015 አስገባሁ፥ ተቀበለ። ጳጉሜን 6 ቀን 2016 አስገባሁ፥ እንቢ አለ፤ ልክ ነው። የቀረውን ክፍል ግን አላየሁም።»