ጀርመንኛ ተምራችሁ ምን አገኛችሁ?

(በዩኒቨርሲቲ ጀርመንኛ ያጠኑ የማኅበራችን ልጆች በ25ኛው ዓመት ኢዮቤልዩ በዓል ላይ በጋራ ያቀረቡት ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው «ስለ ትምህርታችሁ ጥቂት ንገሩን» ሲለን እርስ በርስ ተያይተን ሳቅን። እዚህ ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ገብተን የጀርመን ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ልናጠና ነው ባልን ጊዜ «ሕክምና እያለ? የሒሳብ አያያዝ እያለ?» ያላችሁንን አልረሳንም። ሌሎቻችሁ ደግሞ «ጎበዝ፣ ቪዛው ቀረበ ማለት ነው!» ብላችሁ መርቃችሁናል። ምርቃቱ አልከፋንም፤ ነገር ግን እውነቱን እንናገር። ወደ ትዳር ጓደኛው ለሚሄድ ሰው በአብዛኛው የሚጠየቀው ኤ1 የሚባለው የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ያም ስምን መናገር፣ ዳቦ መግዛት፣ ቅጽ መሙላት ነው። የዩኒቨርሲቲው ትምህርት ግን ሰዋስው፣ ታሪክ፣ ግጥም፣ ቴአትርና ልብ ወለድ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ጭንቅ ነበር። ጀርመንኛ ሦስት ጾታ አለው፤ ጠረጴዛ ወንድ ነው፣ መብራት ሴት ናት፣ ልጃገረድ ግን ወንድም ሴትም አይደለችም! ኬንያውያን ጓደኞቻችን ባማረሩበት በአንዱ ነገር ግን እኛ ተጠቅመናል። በጥገኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ግሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ አማርኛ እየሰማ ያደገ ልጅ ግሱን እስከ መጨረሻ መጠበቅ ከእናቱ ቤት የለመደው ነው። «ዱ» እና «ዚ» የሚሉትም ያው የእኛ «አንተ» እና «እርስዎ» ነው።

ዛሬ በዋናነት ልንነግራችሁ የፈለግነው ግን ስለ አንድ መጽሐፍ ነው። ደራሲዋ አና ዜገርስ ትባላለች፤ እ.ኤ.አ. በ1900 ማይንትስ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች። በ1933 ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ወደ ፈረንሳይ ሸሸች። በ1940 የጀርመን ጦር ፈረንሳይን ሲወር እንደገና መሸሽ ግድ ሆነባት፤ በ1941 ከማርሴይ ወደብ በመርከብ ወጥታ ሜክሲኮ ገባች። «ትራንዚት» የተባለው ልብ ወለዷ የሚተርከው ማርሴይ ላይ መርከብ ስለሚጠብቁ ስደተኞች ነው። የመግቢያ ቪዛ ያገኘ ሰው የመሸጋገሪያ ቪዛ ይጠየቃል፤ የመርከብ ቦታና የመውጫ ፈቃድም ያስፈልገዋል፤ አንዱ ሲገኝ የሌላው ጊዜ ያልፍበታል። ከተማዋ ውስጥ ለመሰንበት እንኳ ከዚያ ለመሄድ እንደሚፈልግ ማስረጃ ማሳየት አለበት። ሰዉ ካፌ ተቀምጦ የቆንስላ ወሬ ይለዋወጣል።

ከመካከላችን አንዷ ይህን ታሪክ ማታ ቤት ውስጥ በአማርኛ እየመለሰች ለአባቷ ነገረቻቸው። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1991 ከአገር ከወጡት ናቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «ይቺ ሴትዮ ናይሮቢ ነበረች እንዴ?» አሉ። ከዚያም ተነሥተው ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አንድ አሮጌ ቦርሳ አወረዱ። የቀጠሮ ወረቀት፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ጊዜው ያለፈበት የሕክምና ምርመራ ውጤት ነበረበት። ማጣሪያው ሲያልቅ ምርመራው ያልፍ ነበር፤ ምርመራው ሲታደስ ደግሞ ሌላ ማጣሪያ ይመጣ ነበር። በመጨረሻ ትተውት እዚሁ ሱቅ ከፈቱ። ልጅቷ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ጣራ ሥር ስትኖር ይህን ሰምታ አታውቅም።

እኛም ወሬውን ሰምተን በየቤታችን ጠየቅን። አንዳንዶቻችሁ እስከ እኩለ ሌሊት አጫወታችሁን። አንዲት እናት «እሱን ተወው፣ ቡናው ይቀዘቅዛል» ብለው አለፉት፤ እሳቸውንም አላስጨነቅንም።

«ጀርመንኛ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» ለሚሉን ደግሞ ሌላም መልስ አለን። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1652 ጎታ በሚገኘው የመስፍኑ ቤተ መንግሥት ተጋብዘው ሂዮብ ሉዶልፍን አማርኛ አስተምረውታል። የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስው በ1698 ፍራንክፈርት ላይ ታተመ፤ የጻፈው ግን በላቲን ነው። በጀርመንኛ የተጻፉት የዲልማን የግዕዝ ሰዋስው በ1857፣ የፕሪቶሪየስ የአማርኛ ሰዋስው በ1879 ወጥተዋል። ይህን ስንማር አስተማሪያችን «እስቲ የአገራችሁን ፊደል አንብቡልን» ብለው የአማርኛ ጽሑፍ ሰጡን። ጀርመንኛውን በወጉ ያነበብን ሰዎች የገዛ ፊደላችን ላይ ተንተባተብን። አፍረን የማኅበሩ የቅዳሜ ፊደል ክፍል ገብተን ከስምንት ዓመት ሕፃናት ጋር የተቀመጥነው ያኔ ነው፤ ሕፃናቱ እስከ ዛሬ ይስቁብናል።

አሁን አንድ ልመና አለን። እንደዚያ ያለ ቦርሳ በብዙዎቻችሁ ቤት እንዳለ እናውቃለን። ወረቀቱን ከእናንተ ጋር ሆነን ማንበብና ታሪኩን በአማርኛ መጻፍ እንፈልጋለን። ዋናውን አንወስድባችሁም፤ እንዳይነገር የምትፈልጉትንም አንጽፍም። ቅዳሜ ከፊደል ትምህርቱ በኋላ እዚሁ አዳራሽ እንጠብቃችኋለን፤ ፎቶ ኮፒውን እኛ እንከፍላለን።