ለኦቨርክሎክ የሚመረጥ ማዘርቦርድ
በጊንጪ ለተሰበሰቡ የማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



ዛሬ በዚህ በጊንጪ ከተማ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ፣ ፕሮሰሰርን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ለማሠራት፣ ማለትም ኦቨርክሎክ ለማድረግ፣ ምን ዓይነት ማዘርቦርድ መምረጥ እንደሚገባ ነው። ነገሩን የወጣቶች ጨዋታ ብቻ አድርገው የሚመለከቱት አይታጡም። ይሁን እንጂ በአንዲት ኮምፒዩተር የሠርግ ቪዲዮ እያቀናበረ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ምክር ሲጠይቀን፣ የምንሰጠው መልስ እንጀራውን የሚነካ ነው።

ጥበቡ አዲስ አይደለም። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው ሴሌሮን 300ኤ የተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ የማዘርቦርዱ መነሻ ምት ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርትዝ ከፍ ሲደረግለት፣ ከ300 ወደ 450 ሜጋኸርትዝ ይደርስ ነበር። የአቢት ኩባንያ ቢኤች6 ማዘርቦርድም ይህን ለውጥ ከባዮስ ገጽ ላይ ለማድረግ ስለሚያስችል ስሙ ገነነ። ያ ዘመን አልፏል። ከ2011 ወዲህ ኢንቴል ይህን በር በአመዛኙ ስለዘጋው፣ በስሙ መጨረሻ «ኬ» የሚል ፊደል ያለበት ፕሮሰሰርና ዜድ ቺፕሴት ያለው ማዘርቦርድ መገናኘት አለባቸው። ለኤኤምዲ ራይዘን ደግሞ ቢ ወይም ኤክስ ቺፕሴት ያስፈልጋል፤ እንደ ኤ520 ያለው አይፈቅድም።

ዋናው ጉዳይ ግን ከዚህ በኋላ ይመጣል። ከፓወር ሰፕላዩ የሚደርሰውን 12 ቮልት ፕሮሰሰሩ ወደሚፈልገው 1.2 ቮልት ገደማ የሚያወርደው በማዘርቦርዱ ላይ ያለው የኃይል መለወጫ ክፍል ነው። 150 ዋት በ1.2 ቮልት ማለት 125 አምፔር ነው፤ ይህ ሁሉ የሚያልፈው ከጥፍር በማይበልጡ ክፍሎች በኩል ነው። ፍጥነቱም ቮልቴጁም በ10 በመቶ ቢጨምሩ፣ የኃይል ፍጆታው በ33 በመቶ ገደማ ያድጋል። ትርፉስ? 60 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው የቪዲዮ ሥራ፣ ቢበዛ፣ በ55 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። እኔ እንደማየው፣ ለአምስት ደቂቃ ሲባል ደካማ ማዘርቦርድ ላይ ይህን ሸክም መጫን አይገባም።

ስለዚህ በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን የፌዝ ብዛት ብቻ አትመኑ፤ አቆጣጠሩ ከአምራች አምራች ይለያያል። በኃይል መለወጫው ላይ የተገጠመውን የብረት ማቀዝቀዣ ተመልከቱ። ወፍራምና ብዙ ክንፍ ያለው ይሻላል። (ባለ ቀለሙ መብራት ግን ለማቀዝቀዝ ምንም አይረዳም።)

ይህ በጊንጪ ይበልጥ ይጠብቃል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ስለምትል፣ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። በአንድ ዓይነት ፍጥነት የሚሽከረከር ማራገቢያ እዚህ የሚያጓጉዘው አየር ክብደቱ ያነሰ ነው። የደጋው ቅዝቃዜ ጉድለቱን በከፊል ይክሳል፤ በተዘጋች ሱቅ ውስጥ ግን ቅዝቃዜው ምን ያህል ይገባል? የውኃ ማቀዝቀዣ የሚገጥም ሰውም ፕሮሰሰሩ ሲቀዘቅዝለት፣ በዙሪያው ያለው የኃይል መለወጫ ነፋስ እንዳያጣ ለብቻው ማራገቢያ ያስብለት።

አንዳንድ ማዘርቦርድ ደግሞ ባለቤቱ ሳያዝዘው ቮልቴጅ ከፍ ያደርጋል። በ2023 አንዳንድ የራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ከተቃጠሉ በኋላ፣ ኤኤምዲ የአንደኛውን ቮልቴጅ ጣሪያ በባዮስ ማሻሻያ 1.3 ላይ አስቆመው። በ2024ም ኢንቴል በ13ኛውና በ14ኛው ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባ በላይ ቮልቴጅ የሚጠይቅ ጉድለት ማግኘቱን ገልጾ፣ መፍትሔውን በባዮስ በኩል ላከ። እንግዲህ የባዮስ ማሻሻያው የቆየበትን ማዘርቦርድ መግዛት ለአደጋ መጋለጥ ነው።

ባዮስ ሲታደስ መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ዳግም ላይነሣ ይችላል፤ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ደግሞ ማናችንም አናውቅም። ዩፒኤስ ሳይኖር ሥራው አይጀመር። ሁለት ባዮስ ያለው፣ ወይም ያለ ፕሮሰሰር ከፍላሽ ዲስክ ባዮስ መልሶ የሚጭን ቁልፍ ያለው ማዘርቦርድ ከተገኘ ግን ጥቂት ብር ቢጨመርበት አይቆጭም፤ የተበላሸውን ይዞ መርካቶ ድረስ መሄድ ማለት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድና የቆመ ሥራ ነውና።

አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው የሶኬቱን ፒኖች በእጅ ባትሪ አብርቶ፣ የተጣመመ ወይም የጠፋ እንደሌለ አይቶ፣ ያበጠ ካፓሲተር ፈልጎ፣ ሻጩ ፊት ባዮሱን አስከፍቶ የስሪቱን ቀን ካነበበ በኋላ ገንዘቡን ይክፈል።