የማይበላ ዓሣ ለምን እናረባለን?
(በተማሪዎች ኅብረት የሳይንስ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የመስታወቱን ገንዳ በቤተ ሙከራው ጥግ ባስቀመጥን ማግስት አንድ ወንድማችን በሩ ላይ ቆሞ «የማይበላ ዓሣ ለምን ታረባላችሁ?» ሲል ጠየቀን። እኛም ሳቅን። ነገር ግን ጥያቄው የሚሳቅበት አልነበረም። የተማሪ ጊዜ ውድ ነው፤ የአገርም ገንዘብ እንዲሁ። መልስ እንደሚገባው ስላመንን ዛሬ ከፊታችሁ ቆመናል።

የጌጥ ዓሣ አርቢ ሁለት ዘዴ አለው። አንደኛው መምረጥ ነው። በቻይና በሶንግ ነገሥታት ዘመን፤ ይኸውም ከ960 እስከ 1279 ባለው ጊዜ (በዚህ ንግግር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው)፤ ወርቅማ መልክ ያላቸው ዓሦች በኩሬ ይጠበቁ ነበር። የዘር አባቶቻቸው ደብዘዝ ያለ መልክ የነበራቸው ተራ ዓሦች ናቸው። አርቢው ያደረገው ያማረውን ማስቀረትና ያላማረውን ማስወገድ ብቻ ነው። ይህንኑ ልጅና የልጅ ልጅ ሲደጋግሙት ጀርባው ላይ ክንፍ የሌለው፤ ዓይኑ ወደ ሰማይ የተገለበጠ፤ ከዓይኑም ሥር ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚንጠለጠልበት ዓሣ ተገኘ። እንዲህ ያለው ፍጥረት ወንዝ ቢለቀቅ የአሞራ ቀለብ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ማዳቀል ነው። ስለዚህ ነገር እኛ ኢትዮጵያውያን ትምህርታችንን ከበቅሎ አግኝተናል። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል። በቅሎ ግን አትወልድም፤ የመዳቀሉ ነገር በርሷ ላይ ይቆማል። በአንዳንድ ዓሦች ዘንድ ዲቃላው ራሱ ይወልዳል፤ ዛሬ ልንነግራችሁ የፈለግነውም ጉዳይ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ፕላቲና ሶርድቴይል የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ዓሦች አሉ። አገራቸው ሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ወንዞች ናቸው። ሁለቱም እንቁላል አይጥሉም፤ ነፍስ ያለው ጫጩት ይወልዳሉ። ፕላቲ አጠር ደልደል ያለ ነው፤ አንዳንዱ ጥቁር ነጠብጣብ አለበት። ሶርድቴይል ረዘም ይላል፤ የወንዱ ጅራት ከታች በኩል እንደ ሰይፍ ይሾላል። የዱሩ ሶርድቴይል አረንጓዴ ሲሆን፤ በየሱቁ የምናየው ቀዩ ዓይነት መልኩን ያገኘው ከቀይ ፕላቲ ጋር በመዳቀል ነው። በወንዝ ሳሉ ሁለቱ እምብዛም አይገናኙም፤ ገንዳ ውስጥ አማራጭ ሲያጡ ግን ይጋባሉ።

እዚህ ላይ የራሳችንን ስሕተት ሳንደብቅ እንናገር። አንዲት ሴት ፕላቲ ከአንድ ወንድ ሶርድቴይል ጋር ለብቻ አኑረን ጫጩት በወለደች ጊዜ ዲቃላ አገኘን ብለን እጅግ ደስ አለን። መዝገብ ከፈትን፤ ለመምህራችንም ነገርን። ጫጩቶቹ ሲያድጉ ግን ከራስ እስከ ጅራት ፕላቲ ሆነው ተገኙ፤ ሰይፍ የሚባል ነገር አልታየባቸውም። ለካስ የእነዚህ ዓሦች ሴት የወንዱን ዘር በሆዷ ለወራት ታስቀምጣለች፤ አንድ ጊዜ ተገናኝታ ደጋግማ ትወልዳለች። የኛዋ ወደ ገንዳው ስትገባ ቀድሞውኑ ያገባች ነበረች። ስለዚህ ማዳቀል የሚፈልግ ሰው ሴቶቹን ገና በሕፃንነታቸው፤ ወንዶቹ ሳይደርሱባቸው፤ ለይቶ ማሳደግ አለበት። መጽሐፉ ይህን ተናግሮ ኖሯል፤ ያላነበብነው እኛ ነን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ማይረን ጎርደን የተባለው አሜሪካዊ፤ በጀርመን አገር ደግሞ ኩርት ኮስቪግና ጌኦርግ ሆይስለር፤ ነጠብጣብ ያለበትን ፕላቲ ከሶርድቴይል ጋር አዳቀሉ። የመጀመሪያው ትውልድ ጥቁረቱ ከወላጁ ይልቅ ሰፋ፤ ለአርቢ ዓይንም አማረ። ዲቃላው እንደገና ከሶርድቴይል ጋር ሲገናኝ ግን ከልጆቹ አንዳንዶቹ ላይ ጥቁሩ ነጠብጣብ አብጦ ሥጋውን የሚበላ ካንሰር ሆነ፤ በሕክምና ቋንቋ ሜላኖማ የሚባለው ማለት ነው።

ምክንያቱን በቀላሉ እንዲህ ማስረዳት ይቻላል። ፕላቲ ሁለት ነገር ይወርሳል፤ አንዱ ጥቁር ቀለም የሚቀባ ጂን ነው፤ ሌላው፤ በሌላ ክሮሞሶም ላይ ያለው፤ ቀቢውን የሚገታ ነው። ሶርድቴይል ሁለቱም የሉትም። የመጀመሪያው ዲቃላ አንድ ቀቢና አንድ ገቺ ብቻ ስለሚደርሰው ግቻው ላልቶ ጥቁረቱ ይሰፋል። ይህ ዲቃላ ከሶርድቴይል ሲወልድ የሜንዴል ሒሳብ ይመጣል። ከአራት ልጆች ሁለቱ ቀቢውን አያገኙም፤ ነጠብጣብም የላቸውም። አንዱ ቀቢውንም ገቺውንም ያገኛል፤ እርሱ የወላጁን ይመስላል። አራተኛው ቀቢውን ያለ ገቺ ይወርሳል፤ የሚታመመውም እርሱ ነው። በ1989 የጀርመን ሊቃውንት ቀቢውን ጂን ለይተው ኤክስ-ኤም-አር-ኬ አሉት፤ ሴል እንዲያድግና እንዲባዛ ትእዛዝ ከሚቀበሉት ጂኖች የአንዱ የተለወጠ ቅጂ ሆኖ ተገኘ። የዚያው ቤተሰብ ጂኖች በሰውም ካንሰር ውስጥ እጅ አለባቸው። በ2020 ደግሞ በሜክሲኮ ወንዞች ሰው ሳይነካቸው በተዳቀሉ ሌሎች ሁለት የሶርድቴይል ዝርያዎች ላይ የዚህኑ ዓይነት ካንሰር ማየታቸውን ተመራማሪዎች አስታወቁ።

እንግዲህ ያ ገዢው የወደደው ሰፊ ጥቁረትና ያ ገዳዩ እብጠት የአንድ ጂን ሥራ ናቸው። አርቢው የሚያየው ቀለሙን ነው፤ ገቺው ግን ቀለም ስለሌለው አይታይም፤ ሳይታይም ይጠፋል።

አውቀው የሚያደርጉትም አሉ። በ1980ዎቹ በታይዋን ፓሮት የተባለ ቀይ ዲቃላ ዓሣ ተገኝቶ በዓለም ሁሉ ተሸጠ። አፉ በደንብ አይገጥምም፤ ምግብ መያዝም ያስቸግረዋል። ገዢው መልኩ ያስቃል ብሎ ይገዛዋል። እኛ ይህን አንደግፍም። በገንዳችንም እንዲህ ያለ አናስገባም፤ ምንም እንኳ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ውበት ነው» ቢሉንም።

ለበሩ ላይ ወንድማችን መልሳችን ይህ ነው። ኮስቪግ በ1937 ከናዚዎች ሸሽቶ ወደ ኢስታንቡል ሄደ፤ በዚያም ዓሣ ማዳቀሉን አልተወም። ጎርደን በ1939 ከሜክሲኮው የሃማፓ ወንዝ ያመጣቸው ፕላቲዎች ዘራቸው እኅትና ወንድም እየተጋቡ ከመቶ ትውልድ በላይ ዘልቆ፤ በቴክሳስ ሳን ማርኮስ ከተማ ባለው ዩኒቨርሲቲ ለካንሰር ጥናት ተጠብቋል። ሰዎቹ በእጃቸው የነበረው የሳሎን ጌጥ ዓሣ ነበር።

እኛ ገና ከመጀመሪያው ደረጃ ነን። ሌሊት ኤሌክትሪኩ ሲጠፋ ውሃው እየቀዘቀዘ ያስቸግረናል። ሆኖም በሚመጣው ወር ከሚወለዱት ጫጩቶች ሴቶቹን በጊዜ ለመለየት ቈርጠናል። ለዚህ ሃያ ያህል ማሰሮ ያስፈልገናል፤ አፈ ሰፊ የመስታወት ብልቃጥም ይሆናል። የማርም የማርመላታም ቢሆን ግድ የለንም፤ ብቻ በሳሙና ሳይሆን በሙቅ ውሃ ታጥቦ ይምጣልን። ከሰዓት በኋላ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ በቤተ ሙከራው አንጠፋም፤ በሩ ላይ የቆመው ወንድማችንም ጭምር ይምጣ።