ገመዱ ወይስ አየሩ? በድንጋይ ቤት ውስጥ ሙዚቃን ስለ ማድረስ

(በመቐለ ከተማ፣ ሮማናት አካባቢ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለነዋሪዎች ከቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ የተገለበጠ)

 ከልዩ ልዩ የአገራችን ክፍሎች የመጡ ተማሪዎች በመካከላችን ስላሉ ዛሬ የምንነጋገረው በአማርኛ ነው።

ርእሳችን ሲያዩት ትንሽ ነው። ሙዚቃን ከኢንተርኔት ወይም በቤት ካለ ኮምፒውተር ተቀብሎ ለአምፕሊፋየር የሚያቀብለውን መሣሪያ፣ በተለምዶ ስትሪመር የምንለውን፣ በዋይፋይ እናገናኘው ወይስ በገመድ? ጥያቄውን ያመጣብኝ ቤተ ሙከራው አይደለም፤ የእናቴ ክፍል ነው።

አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መምህር ነበሩ፤ ማታ ማታ ክራር ይመቱ ነበር። በካሴት ቀርጸው የተዉትን ሁሉ ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩት። ቤታችን ከዚህ አደባባይ ብዙ አይርቅም። በግቢው ውስጥ ሁለት ቤቶች አሉ፤ ከፊት እኛ፣ ከኋላ እናቴ የሚኖሩበት። ሁለቱም እንደ ብዙዎቹ የመቐለ ቤቶች በጠረብ የኖራ ድንጋይ የታነጹ፣ የብረት በርና መስኮት ያላቸው ናቸው። ራውተሩ ከእኛ ዘንድ ነው፤ ስትሪመሩን ወስጄ በእናቴ ክፍል አስቀመጥኩት። የአባቴ ክራር ተሰማ፤ ድምፃቸው ተከተለ፤ ከመካከሉ ላይ ቀጥ አለ። እናቴ ፈገግ ብለው፣ «ድሮም ጀምሮ መተው ልማዱ ነው» አሉኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ይህን ትምህርት ለሃያ ዓመታት ያስተማርኩ ሰው ነኝና።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የመስመሩን ስፋት ነበር። ስሌቱ ግን ያን አይደግፍም። በሲዲ ጥራት የተቀረጸ ድምፅ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት 16 ቢት ነው፤ ግራና ቀኝ ሁለት መስመር አለ። ሲባዛ 1,411,200 ቢት በሴኮንድ ይሆናል፤ 1.4 ሜጋ ቢት ገደማ ማለት ነው። በገበያ ካሉት ከፍተኛ ጥራት ካላቸው ቅጂዎች አንዱን፣ ባለ 24 ቢትና 192 ኪሎ ኸርዝ የሆነውን ብንወስድ እንኳ 9.2 ሜጋ ቢት ገደማ ነው። ዝቅተኛ የሚባለው የኢተርኔት ገመድ 100 ሜጋ ቢት ያሳልፋል። ዋይፋይም ቢሆን ምልክቱ ደህና እስከሆነ ድረስ ከሚፈለገው በብዙ እጥፍ ይሸከማል። ስለዚህ ችግሩ የመስመሩ ጥበት አይደለም፤ አንዳንዴ መቆሙ ነው።

ለምን ይቆማል? አንዱ ምክንያት ግድግዳው ነው። የ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 12.5 ሳንቲ ሜትር፣ የ5 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ወፍራም ድንጋይ ሁለቱንም ያዳክማል፤ አጭሩን ሞገድ ይበልጥ ይጎዳዋል። ብረት ደግሞ ይመልሳቸዋል። አያቶቻችን በህድሞ ሲኖሩ ወፍራሙ ግንብ ብርድና ሐሩርን ይከላከልላቸው ነበር፤ ያው ግንብ ዛሬ ሬዲዮውንም ይከላከላል።

ሁለተኛው ምክንያት ጎረቤት ነው። አየሩ የጋራ ነው። በእድር ስብሰባ አንዱ ሲናገር ሌላው እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ የዋይፋይ መሣሪያም አስቀድሞ ያዳምጣል፤ ሌላ እየተናገረ ከሆነ ይታገሣል፤ ሁለት እኩል ከተናገሩ መልእክቱ ይበላሽና እንደገና ይላካል። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ላይ ሳይነካኩ የሚሠሩት ሦስት መስመሮች ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ማይክሮዌቭ ምድጃም እዚያው ሰፈር ይጮኻል። ዘመናዊው ገመድ ግን በስዊቹና በመሣሪያው መካከል የተያዘ የግል መንገድ ነው፤ ተራ የሚጠበቅበት የለም።

እዚህ ላይ ለተማሪዎቼ አንድ ነገር ልጨምር። ገመድ ከሬዲዮ በፊት የነበረ ይመስለናል። በኮምፒውተር መረብ ታሪክ ግን የመጋጨትንና እንደገና የመላክን ሐሳብ ያቀረበው ሬዲዮው ነው። ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ በ1971 እ.ኤ.አ. በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ደሴቶችን በሬዲዮ የሚያገናኘውን አሎሃኔት ሥራ ላይ አዋሉ፤ ሮበርት ሜትካፍ በ1973 እ.ኤ.አ. በዜሮክስ ፓርክ ኢተርኔትን ሲነድፍ ሐሳቡን ከዚያ ተውሶ በገመድ ውስጥ አስገባው። ገመዱ በኋላ በስዊች አማካይነት ከግጭት ተላቀቀ፤ አየሩ ግን አልተላቀቀም።

ወደ እናቴ ክፍል ልመለስ። በግቢው ላይ ገመድ ዘረጋሁ። ድምፁ ዳግመኛ አልተቋረጠም፤ እስከ ክረምቱ። አንድ ማታ በሰፈራችን መብረቅ ወደቀ፤ ራውተሩም ስትሪመሩም በገመዱ መግቢያ በኩል ተቃጠሉ። ቤታችንን በቀጥታ አልመታም፤ በአቅራቢያ የወደቀ መብረቅ በረጅም መዳብ ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈጥራል፤ ሁለቱ ቤቶች የየራሳቸው መሬት መስመር ሲኖራቸው ደግሞ ልዩነቱ በገመዱ ውስጥ መሄጃ ያገኛል። በኢተርኔት መግቢያ ውስጥ ያለው ትንሽ ትራንስፎርመር 1,500 ቮልት እንዲቋቋም ተደርጎ ይሠራል፤ ለመብረቅ ይህ ምንም አይደለም። ለተማሪዎች በየዓመቱ የማስተምረውን በገዛ ግቢዬ ረሳሁት። አሁን ከቤት ወደ ቤት የሚሄደው የብርሃን ፋይበር ነው፤ መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በአንድ ጣሪያ ሥር ግን መዳቡ ይበቃል፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ይሠራል። ሲገዙ ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ውስጡ ነጣ ካለ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው፤ ቶሎ ይሰበራል፣ አትውሰዱት።

«ገመዱ ድምፁን ያሳምረዋል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። አያሳምረውም። የሚላከው ቁጥር ነው። የጠፋ ጥቅል እንደገና ይላካል፤ ደረሰ ወይም አልደረሰም እንጂ ደብዘዝ ብሎ ደረሰ የሚባል ነገር የለም። ቁጥሮቹ በስትሪመሩ ማቆያ ውስጥ ይከማቻሉ፤ አሥር ሴኮንድ የሲዲ ጥራት ሙዚቃ ለማቆየት 1.8 ሜጋ ባይት ገደማ ይበቃል። ከዚያ ወጥተው ድምፅ የሚሆኑት በመሣሪያው የራሱ ሰዓት ምት ነው፤ ያ ሰዓት ቁጥሩ በአየር ይምጣ በገመድ አያውቅም። ብሉቱዝ ሌላ ነው፤ እርሱ ድምፁን እንደገና ስለሚጨምቀው በእርግጥ ከቅጂው ይቀንሳል። ብሉቱዝን ሰምተው ዋይፋይን የሚያሙ ሰዎች አጋጥመውኛል። አንድ ነገር ግን ለተቃራኒዎቼ እሰጣለሁ፤ በብረት የተሸፈነ ገመድ በሽፋኑ በኩል የኤሌክትሪክ ጩኸት ወደ አምፕሊፋየሩ ሊያሻግር ይችላል። ለቤት ያልተሸፈነው ይሻላል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ ሌላ ነው። ከጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ከሁለት ዓመት በላይ በሆኑት ጊዜያት፣ ከውጭ የሚመጣ ሙዚቃ ሁሉ ዝም አለ። የቤት ውስጥ መረብ ግን ከውጭው መረብ ጋር አንድ አይደለም። መብራት በመጣባቸው ሰዓታት ራውተሩ ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ይነሣል፣ የአባቴ ክራር ግቢውን አቋርጦ ይደርሳል። እናቴ መብራት ሲመጣ ከውሃና ከእንጀራ ምጣድ ቀጥለው የሚጠይቁት እርሱን ነበር። አንድ ወዳጄ የያዘው መሣሪያ ግን ከአምራቹ ሰርቨር ጋር ሳይገናኝ የማይከፈት ዓይነት ነበር፤ በቤቱ ሀርድ ዲስክ ላይ ያለውን እንኳ ሳያጫውትለት ቆየ። ስለዚህ ከገመድና ከዋይፋይ በፊት መሣሪያውን ሳትገዙ ጠይቁ፤ ኢንተርኔት ነቅላችሁ እዚያው ሱቁ ውስጥ ከፍላሽ ወይም ከኮምፒውተር ያጫውት እንደሆነ ሞክሩት።

ራውተሩ እዚያው ክፍል ከሆነ በዋይፋይ አገናኙ፤ ገመድ ለመቅበር ድንጋይ አትፈልፍሉ። ግንብ ካለ፣ ወይም በተለያዩ ክፍሎች ያሉ ስፒከሮች እኩል እንዲዘፍኑ ከፈለጋችሁ፣ ገመድ ዘርጉ። የተከራየ ሰው ግድግዳ መብሳት ካልተፈቀደለት ራውተሩን ከብረት በሩ ፊት ወደ መስኮት ያዛውር፤ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

በመጨረሻ፣ ውድ ገመድ ልዩ ድምፅ አለው የሚል ሰው ወደ ቤተ ሙከራችን ይምጣ። ከመጋረጃ ጀርባ በሳንቲም እጣ እየቀያየርን 20 ጊዜ እናሰማዋለን። በግምት ብቻ 15 እና ከዚያ በላይ ለማግኘት ያለው ዕድል 2 በመቶ ገደማ ነው፤ ያን ያገኘ ሰው ካለ ይህን ገለጻ እዚሁ መድረክ ላይ ቆሜ አርማለሁ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ፤ ከኋላ ከተቀመጡት እንጀምር።