ኩል ፓፓ ቤል፦ ከመዝገብ ያመለጠ ፍጥነት

አንደኛ አቅራቢ፦ በ1903 እ.ኤ.አ. በሚሲሲፒ የተወለደው ጄምስ ቤል፣ በቅጽል ስሙ ኩል ፓፓ፣ በ1922 ለሴንት ሉዊስ ስታርስ የቤዝቦል ቡድን በኳስ ወርዋሪነት መሰለፍ ጀምሮ፣ ኋላ ርቆ የተመታን ኳስ ሮጦ ወደሚያጠምደው የውጪ ሜዳ ተከላካይነት ተዛወረ።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ቡድኑ የተጫወተበት ሊግ ኒግሮ ሊግ የተባለው፣ ትልልቆቹ ሊጎች በራቸውን ስለዘጉባቸው ጥቁሮች ለብቻቸው ያቋቋሙት ውድድር መሆኑም መጠቀስ ይኖርበታል።

አንደኛ አቅራቢ፦ እርግጥ ነው። ስለ ፍጥነቱም የቡድን ጓደኛው ሳቸል ፔጅ፣ ቤል የመብራት ማጥፊያውን ተጭኖ ክፍሉ ከመጨለሙ በፊት አልጋው ውስጥ እንደሚገባ ያወራለት ነበር።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ቤል ራሱ እንደተረከው ግን ማጥፊያው ተበላሽቶ መብራቱ ዘግይቶ ይጠፋ ስለነበር ነገሩ ውርርድ የተበላበት ብልጠት ነው፤ ብዙ ጨዋታዎች በወጉ ስላልተመዘገቡም ቀልዱ የማስረጃን ቦታ ወስዷል።

አንደኛ አቅራቢ፦ ያም ሆኖ ፍጥነቱ ተረት አይደለም፤ በግራም በቀኝም የሚመታው ቤል ኳሷን መሬት ላይ አንጥሮ፣ ተከላካዩ አንሥቶ ከመወርወሩ በፊት የመጀመሪያው ቤዝ፣ ማለትም መቺው ሮጦ ሊረግጠው የሚገባው ማረፊያ፣ ላይ ይደርስ ነበር።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ጥቁሩ ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን በ1947 የትልልቆቹን ሊጎች በር ከፍቶ ብሩክሊን ዶጀርስን ሲቀላቀል ቤል አርባ ዓመት አልፎት ስለነበር ዕድሉ አመለጠው፤ ከሜዳ ከወጣም በኋላ በሴንት ሉዊስ ማዘጋጃ ቤት በጽዳትና በጥበቃ ሠርቷል።

አንደኛ አቅራቢ፦ በ1974 ግን የቤዝቦል የዝና አዳራሽ ተቀብሎታል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ የዘገየ ነው፤ የጥቁሮቹ ሊጎች ራሳቸው ከዋና ሊጎች ተርታ የተቆጠሩት በ2020 ነውና።