በ18 ዓመት ከማሳደጊያ ለሚወጡ ልጆች ምን እናድርግ?

(በእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እድር ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ድንኳኑና ጥሩምባው ነው። ዛሬ ግን ስለ ሞት ሳይሆን ኑሮን ገና ስለሚጀምሩ ልጆች ልንናገር ተነሥተናል።

ባለፈው ዓመት በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገ አንድ ወጣት ከሰፈራችን አንዲት ክፍል ተከራይቶ ገባ። ለቅሶ ሲኖር ከሁሉ ቀድሞ ድንኳን ይተክላል፤ ውሃ ያመላልሳል። እድር ግባ ብለን ቅጹን ብንሰጠው፣ አባት፣ እናት፣ እኅት፣ ወንድም ከሚለው ሥር አንድም ስም ሳይጽፍ መለሰልን። «እኔ ብሞት ለማን ትነግራላችሁ?» አለን። መልስ አጣን።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አካለ መጠን ያልደረሰ የሚለው 18 ዓመት ያልሞላውን ነው። ከዚያ በኋላ ሞግዚትነት ያበቃል። እስቲ የገዛ ልጆቻችንን እንይ፤ በ18 ዓመቱ ራሱን የቻለ ስንቱ ነው? የእኛው ልጅ ሥራ ቢያጣ ወደ እናቱ ጓዳ ይመለሳል። ያኛው ግን ቀጣሪ ዋስ አምጣ ሲለው ማንን ይጥራ? ዓመት በዓል ሲመጣስ የማንን በር ያንኳኳ? ምግቡ ከትልቅ ድስት ተጨልፎ ሲቀርብለት ስላደገ፣ የወር ደመወዝ እንዴት ተብቃቅቶ እንደሚያደርስ ያየበት ጓዳ እንኳ የለውም።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2009 እ.ኤ.አ. የተቀበለው መመሪያ፣ ልጁ ከመውጣቱ አስቀድሞ ዝግጅት እንዲጀመር፣ ከወጣም በኋላ ድጋፍ እንዲደረግለት ይመክራል። ይህን ድጋፍ ከጎረቤት የበለጠ ማን ይሰጣል?

«የእድር ገንዘብ ለለቅሶ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እውነት ነው። ወርኃዊ መዋጮውን እንደ ማንኛችንም ይክፈል፤ ልጁ እኮ ምጽዋት አልጠየቀንም። የምንለው ይህ ነው፦ የመግቢያው ክፍያ ይቅርለት። ከአባላት ሁለት ቤተሰቦች ፈቅደው ስማቸውን በቅጹ ላይ ያስመዝግቡ። ሥራ ሲያገኝ ከመካከላችን የሚያውቀው ሰው ዋስ ይሁነው፤ በዓል ሲሆን ይጥሩት፤ ሲታመም ይጠይቁት። እንደ እሱ ያሉ ሌሎች ቢመጡም ደንቡ ይኸው ይሁን።

የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባላል። የዚያ ልጅ ቅጽ ባዶውን ከጸሐፊያችን እጅ አለ። ሳንበተን ሁለት ስም እንጻፍበት።